ከሰገሌ እስከ አፍአበት፦ ወገን ከወገን ሲዋጋ አዛዥ የሚሾመው በምን ተመዝኖ ነው?

ተነጋጋሪዎቹ አጎትና የእኅት ልጅ ናቸው። አጎትዬው በደርግ ዘመን ሰሜን ግንባር በሃምሳ አለቃነት አገልግለው የተመለሱ፣ ዛሬ በሸዋ ደጋ፣ ቀየት ላይ ገብስ የሚያርሱና በግ የሚያረቡ ሰው ናቸው። እሷ የሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤት የታሪክ መምህርት ናት።

መምህርቷ፦ ጋሼ፣ ለተማሪዎቼ የሰገሌን ጦርነት ሳስተምር አንዱ ልጅ እጁን አውጥቶ «የሸዋን ጦር እንዲመሩ ፊታውራሪ ሀብተ ጊዮርጊስ የተመረጡት ለምንድን ነው? ለምን ሌላ ሰው አልሆነም?» አለኝ። የመማሪያ መጽሐፉ ማን እንዳሸነፈ ይነግራል እንጂ ይህን አይነግርም። እርስዎ ወታደር ነበሩና ከእርስዎ ጋር ልጫወተው ብዬ መጣሁ።

አጎት፦ ጎበዝ ልጅ ነው። ወታደር ወደ ግንባር ሲሄድ መጀመሪያ የሚጠይቀው ይህንኑ ነው። ጠላት ስንት ነው አይልም፤ የሚመራን ማነው ነው የሚለው። በይ፣ የተጻፈውን አንቺ ንገሪኝ፤ ከሽማግሌ የሰማሁትን እኔ እጨምራለሁ።

መምህርቷ፦ መስከረም 17 ቀን 1909 ዓ.ም.፣ የመስቀል ዕለት፣ መኳንንቱና ካህናቱ አዲስ አበባ ላይ ተሰብስበው ልጅ ኢያሱን ሻሩ። ዘውዲቱ ንግሥተ ነገሥታት ተባሉ፤ ደጃዝማች ተፈሪ መኮንን ራስ ተብለው አልጋ ወራሽ ሆኑ። ኢያሱ በዚያን ጊዜ ሐረርጌ ነበሩ። አባታቸው የወሎው ንጉሥ ሚካኤል ግን ደሴ ላይ ብዙ ሠራዊት ይዘው ተቀምጠዋል። ልጃቸው ተሽሮ ዝም እንደማይሉ ሁሉም ያውቃል። አዲሶቹ ሹማምንት ዙፋኑን ከያዙ ገና ሳምንታቸው ነው፤ ጦርነቱ ደግሞ በመንገድ ላይ ነው።

አጎት፦ መንገዱም በኛ አገር ነው። ከወሎ ወደ አዲስ አበባ የሚሄድ ጦር ይህን ደጋ ሳይረግጥ አያልፍም። የበላው ገብስና ያረደው በግ የመንዝና የተጉለት ሰው ገብስና በግ ነው። ለዚህ ነው ሰገሌን የኛ ሽማግሌዎች ከመጽሐፍ ሳይሆን ከቤታቸው የሚያወሩት። ቀጥዪ።

መምህርቷ፦ ከሸዋ በኩል በመጀመሪያ የወጡት ራስ ልዑል ሰገድ አጥናፍ ሰገድ ናቸው። ከንጉሥ ሚካኤል ጦር ጋር የማይመጣጠን ሰው ይዘው ጥቅምት 9 ቀን ቶራ መስክ ላይ ገጠሙ። ጦራቸው ተደመሰሰ፤ እሳቸውም እዚያው ወደቁ።

አጎት፦ እዚህ ላይ ቁሚ። ያ ሹመት ምን ዓይነት ሹመት እንደሆነ ለልጆቹ ንገሪያቸው። ወደፊት ወጥቶ ትልቅ ጦር የሚጠብቅ ሰው እንደማይመለስ ያውቃል። ሥራው ከኋላ ያለው እስኪሰበሰብ ድረስ ቀን መግዛት ነው። እንዲህ ያለውን ቦታ ለማንም አይሰጡትም፤ ጠላት ሲበዛበት ወደዚያኛው ወገን የማይገባ ሰው ይፈለጋል። በእርስ በርስ ጦርነት ከዚህ የሚከብድ ነገር የለም። ከማዶ የተሰለፈው ጣልያን ቢሆን ማንም አይገባም። ከማዶ ያለው ግን አማቹ ነው፣ የክርስትና ልጁ ነው፣ ትናንት አብሮ ግብር የበላ ሰው ነው።

መምህርቷ፦ ስለዚህ መጀመሪያ የሚመዘነው ታማኝነት ነው እያሉኝ ነው?

አጎት፦ በእንዲህ ያለ ጦርነት ታማኝነት አይመዘን የሚል ሰው ጦር ሜዳ አልዋለም። ከታማኝነት ሌላ ምን ተመዘነ ነው ጥያቄው። እስቲ ወደ ሀብተ ጊዮርጊስ ምጪ።

መምህርቷ፦ ሀብተ ጊዮርጊስ ዲነግዴ የተወለዱት ጨቦ ነው። በልጅነታቸው በምኒልክ ጦር ተማርከው ቤተ መንግሥት አደጉ። ከሎሌነት ተነሥተው፣ ፊታውራሪ ገበየሁ አድዋ ላይ ከወደቁ በኋላ የእሳቸውን ቦታ ያዙ። በ1900 ዓ.ም. አጼ ምኒልክ የመጀመሪያዎቹን ሚኒስትሮች ሲሾሙ የጦር ሚኒስትር ሆኑ። ሰገሌ ሲመጣ እንግዲህ ሥራውን የጀመሩት ያን ዕለት አይደለም። ራስ ተፈሪ ግን 24 ዓመታቸው ነበር፤ ያን የሚያህል ጦርነት መርተው አያውቁም።

አጎት፦ ወጣቱ አልጋ ወራሽ «ዙፋኑ የኔ ነውና ጦሩንም እኔ እመራለሁ» አላሉም። ዘመቱ፤ ምሪቱን ግን ለሚያውቀው ተዉ። ሌላም ነገር አለ። ሀብተ ጊዮርጊስ የንጉሥ ዘር አልነበሩም። ቢያሸንፉ ነገ ዘውድ ይጭናሉ ብሎ የሚፈራቸው የለም። ከሸዋ መኳንንት አንዱ፣ የሣህለ ሥላሴ የልጅ ልጅ የሆነ ሰው ጦሩን ሁሉ ቢይዝ ኖሮ፣ ገና ሚካኤል ሳይመጡ እርስ በርሳቸው በተያዩ ነበር። ችሎታና የማያስፈራ መሆን በአንድ ሰው ላይ ተገኙ። ይህ የሸዋ ዕድል ነው፤ እንዲህ ያለ ሰው ሁልጊዜ አይገኝም።

መምህርቷ፦ ንጉሥ ሚካኤል ከቶራ መስክ ድል በኋላ ወዲያው አልገሠገሡም። እነዚያ ቀናት ሸዋ ከየአቅጣጫው ጦሩን እንዲሰበስብ አደረጉት።

አጎት፦ ሀብተ ጊዮርጊስ «ከእርስዎ ጋር ነኝ» የሚል የማታለያ መልእክት ልከው አዘገዩአቸው ይባላል። እውነት ይሁን አይሁን፣ ሰው ያመነው እንዲህ ያለ ነገር ከእሳቸው ስለሚጠበቅ ነው።

መምህርቷ፦ ጥቅምት 17 ቀን፣ ዓርብ፣ ሰገሌ ሜዳ ላይ ተዋጉ። ንጉሥ ሚካኤል ተማረኩ። ብዙ ሺህ ሰው በአንድ ቀን አለቀ፤ የሞተውም የገደለውም የአንድ አገር ሰው ነበር።

አጎት፦ ለዚህ ነው በሰገሌ ድል የማልፎክረው። አዛዡ ጥሩ ነበር ማለት ጦርነቱ ጥሩ ነበር ማለት አይደለም። ከዚያ በፊትም በኛው በሸዋ ሌላ ነገር ታይቷል። አጼ ቴዎድሮስ ሸዋን ይዘው አቶ በዛብህን ሾሙበት። አቶ በዛብህ ከዳቸውና እኔ ንጉሥ ነኝ አለ። ምኒልክ በ1857 ዓ.ም. ከመቅደላ አምልጠው ሲመጡ ደግሞ የበዛብህ ጦር በተራው ጥሎት ወደ እሳቸው ገባ። ሿሚ በተሿሚ ተከዳ፣ ተሿሚው በወታደሩ ተከዳ። ከዚያ ወዲህ እዚህ አገር የሚሾም ሁሉ ያንን ፍርሃት ይዞ ነው የሚሾመው።

መምህርቷ፦ እንግዲህ ወደ እርስዎ ዘመን እንምጣ። ስለ ደርግ ሳነብ የሚገርመኝ አጀማመሩ ነው። በ1966 ዓ.ም. ከየክፍሉ የተላኩት ከ100 የሚበልጡ ሰዎች ከሻለቃ የሚበልጥ ማዕረግ አልነበራቸውም። ጄኔራሎቹና ኮሎኔሎቹ ከንጉሡ ሥርዓት ጋር የተሳሰሩ ናቸው ተብለው ተገለሉ። ከላይ የሚያስቀምጡት ስም ያለው ሰው ሲያስፈልጋቸው ከውጭ ሌተና ጄኔራል አማን አንዶምን አመጡ።

አጎት፦ አማን! «የበረሃው አንበሳ»። ወታደሩ ይወዳቸው ነበር። ኤርትራን በጦር ብቻ አንጨርሰውም፣ እንነጋገር አሉ። ሌላ ጦር ይላክ ሲባል እንቢ አሉ። ኅዳር 14 ቀን 1967 ዓ.ም. ቤታቸው ተከቦ ተገደሉ፤ በዚያው ሌሊት ወደ 60 የሚጠጉ የንጉሡ ዘመን ባለሥልጣናትና መኮንኖች ተረሸኑ። ጦርነቱን የሚያውቀው ሰው ስለ ጦርነቱ እውነቱን ተናግሮ ሞተ። የቀሩት መኮንኖች ከዚያ ምን ተማሩ ትያለሽ?

መምህርቷ፦ ዝም ማለትን።

አጎት፦ ዝም ማለት ብቻ ቢሆን ጥሩ ነበር። ላይ ያለው ሰው መስማት የሚወደውን ማቀበል ተማሩ።

መምህርቷ፦ ከዚያ የሶማሊያ ወረራ መጣ፣ ሰሜኑም ገፋ። በአብዮቱ ዋዜማ ወደ 45 ሺህ የነበረው ጦር በ1970ዎቹ ውስጥ ከ300 ሺህ በላይ ሆነ። ይህን ሁሉ ሰው የሚመራ መኮንን ከየት መጣ? የሐረር ጦር አካዳሚ በሕንድ መኮንኖች እየተመራ አንድ ወጣት መኮንን ለማውጣት ሦስት ዓመት ይፈጅበት ነበር።

አጎት፦ በጥቂት ወር ሥልጠና ነዋ! ትናንት አብሮኝ ጉድጓድ የቆፈረ ልጅ ወር ከርሞ በኮከብ መጣ። አልንቀውም፤ ልጁ ጎበዝ ነበር። ካርታ ማንበብ ግን አልተማረም። መድፍና እግረኛ እንዴት እንደሚቀናጁ ማንም አላሳየውም። ሌሊት ወደ አንድ ጉብታ ውጡ ብሎ አዘዘን፤ ጉብታው የኛው ሌላ ክፍል የያዘው ነበር። ከዚያ ሌሊት በኋላ ያ ልጅ ድምፁ ተለወጠ። እኔ የምለው ሞኝ ሆኖ አይደለም፤ ሥራውን ሳያስተምሩ ሹመቱን ሰጡት። በደሉ የእሱም ነው፣ የኛም ነው።

መምህርቷ፦ ከአዛዡ ጎን ደግሞ ሌሎች ሁለት ሰዎች ነበሩ።

አጎት፦ ሦስት ማዕዘን እንለው ነበር። አዛዡ፣ የፖለቲካ ኮሚሳሩና የደኅንነቱ ሰው። ሦስቱም ወደ ላይ የሚጽፉበት መስመር የተለያየ ነው። አዛዡ «እናፈግፍግ፣ በዚህ መሬት ላይ ተከበን እናልቃለን» ሲል ኮሚሳሩ «ይህ ተሸናፊነት ነው» ይላል፤ የደኅንነቱ ሰው ምንም አይልም፣ ይጽፋል። ስለዚህ አዛዡ ከመናገሩ በፊት ጠላትን ማየት ትቶ እነዚህን ሁለት ሰዎች ያያል። እውነቱን ልንገርሽ፣ ኮሚሳሮቹ ሁሉ ክፉ አልነበሩም። የኛው ኮሚሳር ማንበብ ለማይችለው ወታደር ከቤት የመጣ ደብዳቤ ያነብ ነበር፣ መልሱንም ይጽፍለት ነበር። እኔ የማማርረው ሰዎቹን አይደለም፤ አንድ ምሽግ ውስጥ ሦስት አለቃ ማስቀመጡን ነው።

መምህርቷ፦ አሠራሩ የመጣው ከሶቪየት ነው። በሩሲያ የእርስ በርስ ጦርነት ጊዜ ትሮትስኪ ቀይ ጦርን ሲያደራጅ በብዙ አሥር ሺህ የሚቆጠሩ የዛሩን መኮንኖች መልሶ ቀጠረ፤ ጦርነት የሚያውቁት እነሱ ብቻ ነበሩና። ስለማያምናቸው ከእያንዳንዳቸው ጎን ኮሚሳር አቆመ። ለዚያ ዘመን ትርጉም ነበረው። ሆኖም ሶቪየቶች ራሳቸው በጀርመን ጦርነት መካከል፣ እ.ኤ.አ. በጥቅምት 1942፣ የኮሚሳሩን እኩል ሥልጣን አንሥተው ትእዛዙን ለአዛዡ ብቻ መለሱት። ሁለት አለቃ ያለው ጦር ውሳኔው እንደሚዘገይ በደም አይተውት ነው።

አጎት፦ እኛ ጋ ሲመጣ እነሱ ከተዉት ከ30 ዓመት በላይ ሆኖታላ?

መምህርቷ፦ አዎን።

አጎት፦ (ረጅም ዝምታ) ይህን አላውቅም ነበር። ያቺ ሦስት ማዕዘን ስንት ሰው በላች መሰለሽ!

መምህርቷ፦ ብርጋዴር ጄኔራል ታሪኩ ዓይኔ ሲረሸኑ እርስዎ የት ነበሩ?

አጎት፦ ሌላ ግንባር ነበርኩ። ወሬው ግን በአንድ ቀን ደረሰን፤ እንዲህ ያለ ወሬ ሬዲዮ አያስፈልገውም። ጄኔራሉ የናደው ዕዝ አዛዥ ነበሩ። በናቅፋ በኩል ሻዕቢያ ፊት ለፊት የተቀመጠውን፣ ለዓመታት በየተራራው የደማውን ጦር ይመሩ ነበር። የካቲት 1980 ዓ.ም. የደርጉ መሪ መንግሥቱ ኃይለ ማርያም ራሳቸው ወደ ሰሜን ሄዱ። ግንባሩ ጥቂት ቀደም ብሎ ተመትቶ ነበር፤ ጥፋቱን በአዛዡ ላይ ጣሉና አስረሸኗቸው። ሌሎችም ተሻሩ።

መምህርቷ፦ ከአንድ ወር በኋላ፣ ከመጋቢት 8 እስከ 10፣ የዕዙ መቀመጫ የነበረው አፍአበት ወደቀ። ናደው ዕዝ እንዳልነበረ ሆነ። ሦስት የሶቪየት መኮንኖች ጭምር ተማረኩ። ባዚል ዴቪድሰን የተባለው እንግሊዛዊ የታሪክ ጸሐፊ ፈረንሳዮች ቬትናም ውስጥ ዲየን ቢየን ፉ ላይ ከደረሰባቸው ሽንፈት ጋር አነጻጸረው።

አጎት፦ ታሪኩ ዓይኔ በሕይወት ቢኖሩ አፍአበት አይወድቅም ነበር አልልሽም። ማንም እንዲህ ማለት አይችልም። እኔ የማውቀው ወታደሩ ውስጥ የሆነውን ነው። የሚያውቀው ጄኔራል በገዛ መንግሥቱ ጥይት ሲሞት ወታደሩ ልቡ ይሰበራል። አዲሱ አዛዥ ደግሞ የሟቹን ወንበር ነው የወረሰው። ጠላት ጦር እያከማቸ ነው የሚል መረጃ ቢደርሰው ወደ ላይ እንዴት ብሎ ይጽፋል? ይህ ጦር አይበቃኝም ብሎ የሚጽፍ እጅ ከዚያ በኋላ ይገኛል ወይ? አዲስ አበባ ላይ ካርታ የዘረጉት ሰዎች የሚያዩት የፈሩ ሰዎች የሣሉትን ካርታ ነው።

መምህርቷ፦ እኔ ግን አንድ ነገር ልከራከርዎ። መንግሥቱ መኮንኖቹን የፈሩት በከንቱ ነበር ማለት ይቻላል? ግንቦት 8 ቀን 1981 ዓ.ም. ወደ ምሥራቅ ጀርመን አውሮፕላን ሲሳፈሩ ጄኔራሎቹ መፈንቅለ መንግሥት ሞከሩ። ኤታማዦር ሹሙ ሜጀር ጄኔራል መርዕድ ንጉሤና የአየር ኃይሉ አዛዥ ሜጀር ጄኔራል አምኃ ደስታ ነገሩ ሲከሽፍ ራሳቸውን አጠፉ። አሥመራ ላይ የሁለተኛው አብዮታዊ ሠራዊት አዛዥ ሜጀር ጄኔራል ደምሴ ቡልቶ ተገደሉ። የመከላከያ ሚኒስትሩ ሜጀር ጄኔራል ኃይለ ጊዮርጊስ ሀብተ ማርያምን የገደሏቸው ደግሞ አድማኞቹ ናቸው። ሥጋቱ እውነት ሆኖ ተገኘ እኮ።

አጎት፦ እውነት ሆኖ ተገኘ፤ የወለደው ግን ማነው? እነዚህ ሰዎች እኮ መንግሥቱ ራሳቸው የሾሟቸው ናቸው። መርዕድ፣ ደምሴ፣ አምኃ፣ ሁሉም። አፍአበት ካለፈ፣ የካቲት 1981 ሽሬ ላይ 604ኛው ኮር ከተደመሰሰና ትግራይ በሙሉ ከተለቀቀ በኋላ ነው የተነሡት። ለዓመታት በዚህ መንገድ አይሆንም ብለው መናገር ያልቻሉ ሰዎች በመጨረሻ በጠመንጃ ተናገሩ። እኔ መፈንቅለ መንግሥቱ ደግ ነበር አልልም፤ ጦሩን ከመካከል ሰንጥቆታል። መናገሪያ ቢኖራቸው ግን ወደዚያ አይደርሱም ነበር።

መምህርቷ፦ በትግራይ ያን ጊዜ የበላይ ሥልጣን የተሰጠው ሻምበል ለገሠ አስፋው ነበሩ። ደርግ ውስጥ የገቡት ከበታች ሹምነት ነው። ጄኔራሎች ከእሳቸው ሥር ሆነው ትእዛዝ ይቀበሉ ነበር።

አጎት፦ የበታች ሹም መሆናቸውን አልነቅፍም፤ እኔም የበታች ሹም ነኝ። ሀብተ ጊዮርጊስም ምርኮኛ ነበሩ። ሰው ከታች ተነሥቶ ላይ ቢደርስ ደስ ይላል። ችግሩ የተነሡት በጦርነት ሥራ ሳይሆን ለአንድ ሰው ባላቸው ቅርበት መሆኑ ነው። ሁለቱን የሚለየው እሱ ነው።

መምህርቷ፦ ግንቦት 1982 ላይ 12 ጄኔራሎች ተረሸኑ። ከእነሱ ጋር የስንት ዓመት ትምህርትና ልምድ ሄደ!

አጎት፦ በዓመቱ መንግሥቱ ወደ ዚምባብዌ ሄዱ። እኛ ደግሞ በእግራችን ወደየቤታችን። መለያችንን አውልቀን፣ ከጎጃም የመጣው ወደ ጎጃም፣ ከወለጋ የመጣው ወደ ወለጋ። የሚያሰናብተን አዛዥ፣ መዝገብ የሚዘጋ ሰው አልነበረም። እዚህ መንዝ ውስጥ መርዶ ሳይነገራቸው የሞቱ እናቶች አሉ። ልጃቸው የትኛው ክፍለ ጦር እንደነበረ፣ ማን ሥር እንደነበረ የሚያውቅ የለም። ክፉ ሹመት እስከዚህ ይደርሳል፤ የሚመራው ሰው ከሌለ የሞተውን የሚቆጥርም የለም።

መምህርቷ፦ እኔ ከውጭ ካነበብኩት አንድ ሰው ላንሣ። አብርሃም ሊንከን በአሜሪካ የእርስ በርስ ጦርነት ከባድ መከራ ያየው በጄኔራሎቹ ነው። እሱም ቢሆን ፖለቲከኞችን ጄኔራል እያደረገ ሾሟል፤ የየክፍለ ሀገሩን ድጋፍ እንዳያጣ ብሎ። ማክሌላን የሚባለውን ዋና አዛዥ ዝም ብሎ ጦር ያከማቻል እንጂ አይዋጋም ብሎ እ.ኤ.አ. በ1862 ሻረው። ሌሎችንም ሞክሮ ሻረ። በመጨረሻ፣ በመጋቢት 1864፣ ለግራንት ሰጠው፤ ጦርነቱ ሲነሣ በአባቱ የቆዳ ሱቅ ይሠራ ለነበረ፣ ከሠራዊት ወጥቶ ለቆየ ሰው።

አጎት፦ የተሻረው የት ደረሰ?

መምህርቷ፦ በዚያው ዓመት ለፕሬዚዳንትነት ተወዳደረ። ሊንከንን ለመጣል።

አጎት፦ ጦርነቱ ሳያልቅ?

መምህርቷ፦ ጦርነቱ ሳያልቅ። ተሸነፈ፤ ማንም አልነካውም።

አጎት፦ አየሽ፣ እኔ እስካሁን ስፈልገው የነበረው ይህ ነው። መሻርና መሞት የተለያዩ ናቸው። የማይሠራን አዛዥ መሻር የሿሚ መብት ነው፣ ግዴታውም ነው። ሊንከን ብዙ ሻረ፤ መንግሥቱም ሻሩ። የአንዱ ጄኔራሎች ቤታቸው ገብተው ተቃወሙ፣ ጻፉ፣ ተወዳደሩ። የሌላው ከመሬት በታች ገቡ። የመጀመሪያው ከሽንፈቱ ተምሮ የተሻለ ሰው አገኘ። ሁለተኛው በየጊዜው የሚፈራ ሰው አገኘ።

መምህርቷ፦ በኛ ዕድሜስ? ጥቅምት 24 ቀን 2013 ሌሊት ትግራይ ውስጥ የሰፈረው የሰሜን ዕዝ ተጠቃ፤ ጥቅምት 29 ኤታማዦር ሹሙ ተለወጡ። ጄኔራል አደም መሐመድ ተነሥተው ጄኔራል ብርሃኑ ጁላ ተተኩ፤ ጡረታ ወጥተው የነበሩት ጄኔራል አበባው ታደሰ ምክትል ሆኑ። በአምስት ቀን ውስጥ።

አጎት፦ ከጡረታ የተጠሩ ሰዎች ሥራውን ያውቁታል፤ መጥራቱ ክፉ አይደለም። እኔን ያመመኝ ሌላው ነው። በአንድ ምሽግ 20 ዓመት አብረው የቆዩ መኮንኖች በአንድ ሌሊት ተፋጁ። ከዚያም ምንም ያላደረጉ የትግራይ ተወላጆች ጭምር ጦር መሣሪያቸውን ፈትተው ታሰሩ። ሰው በሠራው ሳይሆን በተወለደበት ሲመዘን፣ ሹመት ቀርቶ ወታደርነትም ይፈርሳል።

መምህርቷ፦ በኅዳር 2014 ጦርነቱ እዚህ ደረሰ። ሞላሌ፣ መዘዞ፣ ሸዋ ሮቢት።

አጎት፦ ደረሰ። ያን ሰሞን በየመንደሩ የሆነውን አንቺም አይተሻል። መደበኛው ጦር ሳይደርስ ገበሬው የጎበዝ አለቃ መረጠ። ይህ የአባቶቻችን ወግ ነው። በጣልያን ጊዜም መንግሥት ሲበተን እዚህ በመንዝና በመርሐቤቴ ሰው የሚከተለውን ሰው ራሱ መርጦ ነው አምስት ዓመት የታገለው። አርበኛው ኃይለ ማርያም ማሞን ሰው የተከተላቸው ደብዳቤ ይዘው ስለመጡ አይደለም። አበበ አረጋይም ከአዲስ አበባ የፖሊስ አዛዥነት ወጥተው ዱር ሲገቡ የሾማቸው ንጉሥ ባሕር ማዶ ነበሩ። ሰው አያቸው፤ ሲዋጉ አያቸው፣ ሲካፈሉ አያቸው፣ ሲፈርዱ አያቸው።

መምህርቷ፦ ስለዚህ ወታደር አዛዡን ይምረጥ ይላሉ?

አጎት፦ አይደለም። የጎበዝ አለቃ ለአንድ ሸለቆ ይበቃል፣ ለአገር ጦር አይበቃም። ካልተጠነቀቁም ነገ ራሱ ሽፍታ ይሆናል፤ ይህንንም አይተናል። ከሱ የምወስደው አንድ ነገር ነው፤ የሚሾመው ሰው ሲሠራ የታየ ይሁን። በገበሬ የታየ ባይሆን እንኳ አብረውት በሠሩ መኮንኖች የታየ። በአንድ ክፍል ውስጥ ተዘግቶ ይህ የኛ ነው፣ ያ የነሱ ነው ተባብሎ የተሰጠ ማዕረግ ከጦር ሜዳ ሲደርስ ይታወቃል።

መምህርቷ፦ በወረቀት ላይ አለ እኮ። የ1987ቱ ሕገ መንግሥት አንቀጽ 87 ሠራዊቱ ከማንኛውም የፖለቲካ ድርጅት ወገናዊነት ነፃ ሆኖ ተግባሩን ያከናውናል ይላል። የብሔር ብሔረሰቦችን ሚዛናዊ ተዋጽኦ እንዲያካትትም ይደነግጋል። የመከላከያ ሚኒስትሩም ሲቪል እንዲሆን ያዛል።

አጎት፦ ደግ ሕግ ነው። ጦርነቱ የወገን ሲሆን ግን መጀመሪያ የሚጣሰው ያ አንቀጽ ነው። ሚዛናዊ ተዋጽኦውም ሰውየው ከየት መጣ ወደሚል ቆጠራ ብቻ ከወረደ ምን ያውቃል የሚለው ይረሳል። ሁለቱን አብሮ ማየት ያስፈልጋል፤ ሁሉም የኔ ጦር ነው የሚለው ጦር፣ ሁሉም ሥራውን ያውቃል የሚለው አዛዥ።

መምህርቷ፦ ጋሼ፣ ከነሐሴ 2015 ወዲህ ደግሞ በዚህ በኛ ክልል ጥይት አልቆመም። አንዱ ተማሪዬ ወንድሙ መከላከያ ውስጥ ነው፣ የአጎቱ ልጅ ጫካ ነው። በሁለቱም በኩል ሹመት አለ፣ በሁለቱም በኩል አዛዥ ይለወጣል።

አጎት፦ አውቃለሁ። በሁለቱም በኩል ያለው ሰው የዚህ ደጋ ልጅ ሊሆን ይችላል። ስለዚህ የምለውን ለሁለቱም እላለሁ። አዛዥ ስትሾሙ ያ ሰው እስረኛ እንደማይገድል፣ የገበሬ ቤት እንደማያቃጥል አይታችሁ ሹሙት፤ ይህን ያደረገውን ደግሞ የኛ ሰው ነው ብላችሁ አትሸፍኑት። ከሁሉ በላይ ግን «ይህ ጦርነት በጥይት አያልቅም፣ እንነጋገር» የሚል መኮንን ሲነሣ አትግደሉት፣ አትሰሩት። አማን አንዶም ያን ያሉት በ1967 ነው። ቢሰሙ ኖሮ ስንት ልጅ በቤቱ ያድር ነበር? ጦርነቱ ከዚያ በኋላ ከ16 ዓመት በላይ ቆየ፤ በመጨረሻም ኤርትራ ሄደች፣ ጦሩ ተበተነ፣ ደርግም ወደቀ።

መምህርቷ፦ ለወላጆችስ ምን ይላሉ? ልጅ የሚሄደው ከነሱ ቤት ነው።

አጎት፦ ይጠይቁ። ቀበሌ ሲመጣም ይጠይቁ፣ የጫካውም ሰው ሲመጣ ይጠይቁ። ልጄን የሚመራው ማነው? የት ተማረ፣ የት ሠራ፣ ከሱ ጋር የሄዱት የት ደረሱ? መጥፎ ዜና ወደ አለቆቹ ሲልክ ምን ደረሰበት? እውነቱን ተናግሮ በሕይወት መቆየት የማይችል አዛዥ ልጃቸውንም ከሞት ማዳን አይችልም። ይህን ጥያቄ የማይመልስላቸው ማንም ቢሆን ልጃቸውን አይስጡት።